«አስተምሬያለሁ» ብቻ የሚል ሲቪ ለምን አያስጠራም? (የመምህራን ሲቪና የማመልከቻ ደብዳቤ)

ቀይ_እስክሪብቶ

ሰላም ለዚህ ቤት። የቅጥር ወቅት ሲቃረብ «ሲቪዬን እዩልኝ» የሚል ጥያቄ ስለሚበዛ ነገሩን በአንድ ክር ብንሰበስበው ይሻላል። እኔ ሲቪውን ልጀምር፤ ደብዳቤውን የምታውቁ ትቀጥላላችሁ።

አብዛኛው የመምህር ሲቪ የሚወድቀው የማንም መምህር ሲቪ ሊሆን ስለሚችል ነው። «ዕቅድ አዘጋጅቻለሁ፣ አስተምሬያለሁ፣ ፈተና አውጥቼ አርሜያለሁ፣ ውጤት ሞልቻለሁ።» ክፍል ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን አድርጓል። ቀጣሪው መምህር ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ የማያውቀው እናንተን ነው።

እያንዳንዱ የሥራ ልምድ ቢያንስ እነዚህን ይንገር፦ የትኛው ትምህርት፣ ስንተኛ ክፍል፣ ስንት ሴክሽን፣ በአንድ ሴክሽን ስንት ተማሪ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ። ከዚያ ለየት ብሎ የተሠራ አንድ ነገርና ያመጣው ለውጥ ይከተላል። ለማሳያ ያህል፦

የተለመደው፦ «ከ7ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። የተማሪዎችን ውጤት በከፍተኛ ደረጃ አሻሽያለሁ።»

የተስተካከለው፦ «ሒሳብ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍል፤ 4 ሴክሽን፣ በአማካይ 45 ተማሪ፣ በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ የክፍልፋይ መለያ ፈተና ሰጥቼ ከግማሽ በታች ላመጡ 38 ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጠሁ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ በተመጣጣኝ ፈተና 27ቱ ከግማሽ በላይ አመጡ።»

ሁለተኛው ረዘመ፤ ግን ሲነበብ ክፍሉ ይታያል። ቁጥሮቹም እርስ በርስ ይመሳከራሉ፤ 4 ሴክሽን በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ 20 ይመጣል። እዚያ ቦታ 32 ተጽፎ ቢሆን ልምድ ያለው አንባቢ «ቀሪውን 12 ምን ያስተምር ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። «ውጤት በ90 በመቶ አሻሻልኩ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከምን ተነስቶ፣ በስንት ተማሪ፣ በምን ፈተና እንደሆነ ካልተነገረ ውሃ አይቋጥርም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄም እሱ ይሆናል።

ሦስተኛ_ክፍለ_ጊዜ

ጥሩ ጅምር ነው። እኔ ስለ ገጹ አናት ልጨምር፤ ሲቪው የሚጣለውም የሚተርፈውም እዚያ ነውና።

ሲቪ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ የሰው ኃይል ክፍሉ የማስታወቂያውን ዝቅተኛ መስፈርት ይዞ «አለው፣ የለውም» እያለ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ካለፈ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይም ርዕሰ መምህሩ ይዘቱን ያያሉ። የመጀመሪያው አንባቢ የትምህርት ዓይነቱን ላያውቅ ይችላል። «የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቅ» ካላችሁት ባዮሎጂ መሆኑን የመገመት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ የላይኛው ሲሶ ላይ ይህ ይቀመጥ፦

ሙሉ ስም፣ አንድ የሚሠራ ስልክ፣ አንድ ኢሜይል፣ የምትኖሩበት ከተማ። ቀጥሎ ዲግሪው ከነትምህርት ዓይነቱ፣ የማስተማር ፈቃድ ካለ ደረጃውና የሚያበቃበት ቀን፣ ያስተማራችሁባቸው የክፍል ደረጃዎች፣ ጠቅላላ የማስተማር ዓመታት። በቃ።

«ዓላማ፦ ዕውቀቴንና ክህሎቴን ተጠቅሜ ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን አስተዋፅኦ ማበርከት» የሚለው ይውጣ። አራት መስመር ይበላል፣ ምንም አይናገርም። ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ቁመት፣ የመታወቂያ ቁጥርም ቅጹ በግልጽ ካልጠየቀ አይገቡም።

ጠመኔ_ብናኝ

ፎቶስ? ይግባ ወይስ አይግባ?

ሦስተኛ_ክፍለ_ጊዜ

ከጠየቁ ይገባል፣ ካልጠየቁ አይገባም። ፎቶ የማይቀበሉ ቀጣሪዎች አሉ፤ ሰው በመልኩ ተመረጠ ወይም ተጣለ እንዳይባል ነው። ከገባ ግን የፓስፖርት ዓይነት ይሁን፤ ከሠርግ ተቆርጦ የመጣ ፎቶ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው እጅ ይታያል።

አዲስ_ምሩቅ

ይህ ሁሉ ልምድ ላለው ሰው ነው። ገና ለተመረቀና ከተግባር ልምምድ ውጪ ምንም ለሌለውስ? «ልምድ» የሚለውን ርዕስ ባዶ መተው ይሻላል ወይስ ጨርሶ ማውጣት?

ላብራቶሪ_ቁጥር_2

@አዲስ_ምሩቅ ባዶ ርዕስ አይተውም። የተግባር ልምምዱ ራሱ ልምድ ነው፤ በትክክል መጻፍ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በመጀመሪያ ማዕረጉ። «መምህር» ብሎ መጻፍ አደጋ አለው። ትምህርት ቤቱ ተደውሎ ሲጠየቅ «እዚህ ተቀጥሮ አያውቅም» ይላል፤ እውነቱንም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠረጠራል። «የተግባር ልምምድ መምህር» ይባል።

ቀጥሎ የተመለከታችሁትንና ያስተማራችሁትን ለዩ። «ለ10 ሳምንት ልምምድ አድርጌያለሁ» ማለት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማየትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ቢሆን ግን ሌላ ነው፦ «ባዮሎጂ፣ 9ኛ ክፍል፣ 2 ሴክሽን። 12 ክፍለ ጊዜ የመደበኛውን መምህር ትምህርት ተከታትያለሁ፤ 24 ክፍለ ጊዜ በራሴ ዕቅድ አስተምሬያለሁ፤ አንድ የምዕራፍ ፈተና ከነማረሚያ መስፈርቱ አዘጋጅቻለሁ። በተቆጣጣሪ መምህር አራት ጊዜ ተገምግሜያለሁ።» የግምገማ ቅጹ እጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ በአባሪነት ይሄዳል፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከልምምዱ ቀጥሎ ማስጠናት፣ የክበብ አስተባባሪነት፣ የክረምት ትምህርት ይገባሉ። እነሱም ከነክፍል ደረጃቸውና ከነተማሪ ብዛታቸው። የመመረቂያ ጽሑፉ የሚገባው ከምታስተምሩት ጋር ከተያያዘ ነው። አማካይ ውጤት ጥሩ ከሆነ ወይም ማስታወቂያው ከጠየቀ ይጻፍ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ልምድ ላለው ሁለት ገጽ ይበቃል።

«ማይክሮሶፍት ወርድ እችላለሁ» የምትለዋን መስመር ግን ተዉአት። ወርድ መቻላችሁን ሲቪው ራሱ ያሳያል፤ አለመቻላችሁንም እንዲሁ።

ፊደል_ቆጣሪ

የመጨረሻዋ ነገር እውነት ናት። ብዙ ሰው ስሙንና ቀኑን በስፔስ ቁልፍ እየገፋ ነው የሚያስተካክለው፤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት መስመሩ ሁሉ ይበታተናል። ታብ ተጠቀሙ።

በአማርኛ ለምትጽፉ፦ ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ኒያላን ወይም አቢሲኒካን በመሰለ የዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፣ መጠኑ 11 ወይም 12፣ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። ከመላካችሁ በፊት በስልክ ክፈቱት። ከፒዲኤፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉ፤ ፊደሉ ተስተካክሎ ከወጣ በኦንላይን ሥርዓትም የመነበብ ዕድሉ ጥሩ ነው።

ማመልከቻን በኦንላይን ሥርዓት የሚቀበሉ ቦታዎች ሲቪውን ወደ ጽሑፍ ይቀይሩታል። ሁለት ዓምድ፣ የጽሑፍ ሣጥን፣ ክህሎትን በኮከብና በባር የሚያሳይ ጌጥ ሲቀየር ይቀላቀላል ወይም ይጠፋል። በገጹ ራስጌ ውስጥ የገባ ስልክና ኢሜይልም አንዳንዴ አይነበብም። አንድ ዓምድ፣ ግልጽ ርዕስ፣ ያለ ጌጥ፤ አልቋል።

የፋይል ስም «ሲቪ አዲሱ የመጨረሻ 3» አይባልም። ስምና የሥራ መደቡ ይሁን። ወደ ውጭ አገር ሥርዓት የሚጫን ከሆነ የፋይሉ ስም በላቲን ፊደል ቢሆን ይመረጣል፤ የግዕዝ ስም ያለውን ፋይል የማይቀበሉ ሥርዓቶች አሉ።

ጠመኔ_ብናኝ

ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳበት ቦታ ስለሆነ።

የኢትዮጵያን ዘመን ወደ እ.ኤ.አ. ስትቀይሩ ሁልጊዜ 8 አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ሐምሌ 2012 የተመረቀ ሰው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ነው የተመረቀው። ጥቅምት 2013 ሥራ ከጀመረ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 ነው። እሱ ግን በደፈናው 8 ደምሮ 2021 ይጽፋል። ሦስት ወር ብቻ የሆነው ክፍተት ሲቪው ላይ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ ማለት ነው። ያልተፈጠረ ክፍተት ፈጥሮ ራሱን ያስጠይቃል።

በአንድ ሲቪ ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠር አትቀላቅሉ። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ አንድ ቦታ ላይ ግለጹ። ዓመት ብቻ ሳይሆን ወርም ይጻፍ፤ «2013–2014» ሁለት ዓመትም፣ አራት ወርም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ_ክፍለ_ጊዜ

ትልቅ ነጥብ። በላቲን ፊደል የሚጻፈው የስም አጻጻፍም ከዲግሪው፣ ከፓስፖርቱና ከሲቪው ጋር አንድ ይሁን። ዲግሪው ላይ ሁለት ተመሳሳይ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ከሆነ ሲቪውን ከፓስፖርቱ ጋር አስማሙና ልዩነቱን በአንድ መስመር ጥቀሱ።

ቀይ_እስክሪብቶ

አሁን ወደ ደብዳቤው እንሂድ። @ሰሌዳ_ጠራጊ አንተ ብትጀምረው?

ሰሌዳ_ጠራጊ

እሺ። ደብዳቤ የሲቪ ድጋሚ ቅጂ አይደለም። ሲቪው ያለፈውን ይዘረዝራል፤ ደብዳቤው ለዚህ ማስታወቂያ፣ ለዚህ ክፍል ለምን እንደምትሆኑ ያስረዳል። አንድ ገጽ፣ ሦስት ወይም አራት አንቀጽ። በአማርኛ ከ200 እስከ 300 ቃል በቂ ነው።

ከመጻፍ በፊት ማስታወቂያው ላይ ሥሩ። ግዴታ የሆነውንና «ቢኖረው ይመረጣል» የተባለውን ለዩ፤ ከዚያ ማስረጃ ያላችሁበትን ሁለት ብቻ ምረጡ። ሁሉንም ለመመለስ የሚሞክር ደብዳቤ አንዱንም አይመልስም።

«ጉዳዩ፦ ሥራን ይመለከታል» አትበሉ። «ጉዳዩ፦ ለኬሚስትሪ መምህርነት (9ኛና 10ኛ ክፍል) የቀረበ ማመልከቻ» ብላችሁ የማስታወቂያው ቁጥርና የወጣበት ቀን ይከተል። ትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ አሥር መደብ አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው የሚሄድበትን ክምር የሚወስነው ይህ መስመር ነው።

አሁን መግቢያው። ብዙ የሚመጣው ይህ ነው፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የመምህርነትን ሙያ ከልብ የምወድና ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን የመሥራት ፍላጎት ያለኝ በመሆኑ…» ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አንባቢው ምን እንደምታስተምሩ እንኳ አላወቀም።

በምትኩ መጀመሪያው አንቀጽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለቅ፤ የትኛውን መደብ እንደምታመለክቱና ዋናውን መስፈርት እንደምታሟሉ። ክብደቱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ምሳሌ፦

«በማስታወቂያችሁ ቤተ ሙከራን በመደበኛነት የሚጠቀም የኬሚስትሪ መምህር እንደምትፈልጉ ተገልጿል። አሁን የማስተምራቸው ሴክሽኖች 48 ተማሪ ያላቸው ሲሆን የቤተ ሙከራው ዕቃ የሚበቃው ለ8 ቡድን ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ 24ቱ በሦስት በሦስት ሆነው ሙከራውን ሲሠሩ፣ ቀሪዎቹ ቀድሞ የተገኘ ውጤት በሠንጠረዥ ይተነትናሉ፤ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይቀያየራሉ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ተማሪ በሴሚስተር 6 ሙከራ በገዛ እጁ ይሠራል።»

«ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም፤ ትጋቱ ግን ይታያል። ቀጣሪው የጠየቀው ተጠቀሰ፣ የነበረው ችግር ተነገረ፣ መምህሩ የወሰነው ታየ፣ ውጤቱ በቁጥር ተቀመጠ። ችግሩን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። ዕቃው ለስምንት ቡድን ብቻ መብቃቱ ባይነገር ክፍሉን ለሁለት መክፈሉ ያለ ምክንያት የተደረገ ይመስላል።

ሦስተኛው አንቀጽ ለምን ይህ ትምህርት ቤት የሚለውን ይመልሳል። «ታዋቂና ስመ ጥር ተቋማችሁ» አይደለም መልሱ። የሚከተሉት ሥርዓተ ትምህርት፣ የማስተማሪያ ቋንቋው፣ አዲስ የከፈቱት የክፍል ደረጃ፤ ከእናንተ ጋር የሚገናኝ አንድ እውነተኛ ነገር ፈልጉ። ካላገኛችሁ አንቀጹ ይቅር፤ ውዳሴ ከሚሞላው ባይኖር ይሻላል።

መዝጊያው አጭር ነው፦ መቼ ሥራ መጀመር እንደምትችሉ፣ ዴሞ (ቀጣሪው እያየ የሚሰጥ የሙከራ ትምህርት) ለማስተማር ዝግጁ መሆናችሁ፣ አባሪው ስንት ገጽ እንደሆነ። ከሠላምታ ጋር፣ ፊርማ፣ ስም፣ ስልክ።

ላብራቶሪ_ቁጥር_2

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን ሰላምታውን ጨርሶ ማውጣት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንጋፋ ርዕሰ መምህራን ደረቅ ደብዳቤን እንደ ንቀት የሚያዩበት ጊዜ አለ። «ለተከበሩ ርዕሰ መምህር» ብሎ መጀመርና አንድ አጭር ሰላምታ ማስቀመጥ አይጎዳም። የሚጎዳው ሰላምታው ግማሽ ገጽ ሲሆን ነው።

ሰሌዳ_ጠራጊ

ተቀብያለሁ። አንድ መስመር ይበቃዋል።

ኋላ_ወንበር

እውነቱን እንነጋገር፤ ደብዳቤውን ማንም አያነበውም። ሲቪውን ነው የሚያዩት። ጊዜ ማባከን ነው።

ቀይ_እስክሪብቶ

@ኋላ_ወንበር በመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ እዚያ ላይ ልክ ነህ። የሚነበበው አምስት ሰው ቀርቶ ሦስቱ ብቻ ለዴሞ ሲጠሩ ነው። አምስቱም ዲግሪ አላቸው፣ አምስቱም መስፈርቱን ያሟላሉ፤ በምን ይለዩ? ለቋንቋ መምህር ደግሞ ደብዳቤው ራሱ የሥራ ናሙና ነው። የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ መምህር በማመልከቻው ላይ ባለቤትና ግሥ ካላስማማ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። ማስታወቂያው ደብዳቤ ጠይቆ ካልተያያዘ ደግሞ ገና ከጅምሩ «ያልተሟላ» ተብሎ ይወጣል።

ፊደል_ቆጣሪ

በኢሜይል ስትልኩ የኢሜይሉን አካል ባዶ አትተዉ። ሦስት መስመር፦ የትኛው መደብ፣ ምን ተያይዟል፣ ስልክ። ደብዳቤውን አካሉ ላይ መድገም አያስፈልግም።

አባሪ ማስረጃዎች በአንድ ፒዲኤፍ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የማስተማር ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎች ከአዲሱ ወደ አሮጌው፣ ሥልጠናዎች። በስልክ ስታነሱ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፤ ተራ ካሜራ ሳይሆን የስካን መተግበሪያ ይሁን። ማኅተሙ ላይ የእጅ ጥላ ካረፈ ሰነዱ ይመለሳል።

ሦስተኛ_ክፍለ_ጊዜ

ለኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ለምታመለክቱ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ የልጆች ደህንነት። በእንግሊዝ አገር ለትምህርት ቤቶች የወጣው የልጆች ደህንነት መመሪያ ሲቪ ተቀባይነት የሚኖረው ከሙሉ የማመልከቻ ቅጽ ጋር ሲቀርብ ብቻ እንዲሆን ይላል። በዚያ አሠራር የሚሄዱ ትምህርት ቤቶችም ሌላ ቦታ ቢሆኑም ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃሉ። ቅጹ የሚፈልገው ሙሉ የሥራና የትምህርት ታሪክ ነው፤ ክፍተት ካለ ምክንያቱ ይጻፋል። «ከየካቲት እስከ ነሐሴ፦ የታመመ የቤተሰብ አባል መንከባከብ» አንድ መስመር ነው፣ ማንም ከዚያ በላይ አይጠብቅም። የሚያስጠረጥረው ዝምታው ነው።

ያው መመሪያ ትምህርት ቤቶች «ለሚመለከተው ሁሉ» በሚል በተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳይተማመኑ ይመክራል። እኛ ዘንድ ዋናው ሰነድ እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው የቆያችሁበትን ጊዜ ያረጋግጣል፤ እሱን አትጣሉት። ግን በተጨማሪ በቀጥታ የሚጠየቁ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የአሁኑ ወይም የመጨረሻው ርዕሰ መምህር። የሥራ ኢሜይላቸውን ስጡ፤ ከግል ኢሜይል የመጣ ምስክርነት እንደገና ማጣራት ያስከትላል። ስማቸውን ከማስገባታችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ማስታወቂያውንና ሲቪያችሁንም ላኩላቸው። ስለምን እንደሚጠየቁ ያላወቀ ሰው «ጥሩ መምህር ነው» ብሎ ያልፋል፤ ያ ደግሞ አይጠቅማችሁም።

አዲስ_ምሩቅ

አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። የትምህርት ዕቅድ ናሙና ማያያዝ ይቻላል? ማስታወቂያው «የማስተማር ፍልስፍና» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ላብራቶሪ_ቁጥር_2

ዕቅድ ማያያዝ ይቻላል፤ አንድ ብቻ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ ለምታመለክቱበት ክፍል ደረጃ የሚሆን። ዓላማው «ተማሪዎች ፎቶሲንተሲስን ይረዳሉ» ከሆነ አታያይዙት፤ መረዳት አይለካም። «ተማሪዎች ብርሃን ሲቀንስ የፎቶሲንተሲስ ፍጥነት ለምን እንደሚቀንስ ከግራፍ ያብራራሉ» ሲባል የክፍሉ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። የተማሪ ስም፣ ፎቶ፣ የውጤት ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ግን በፍጹም አታያይዙ። የተማሪን ምስጢር በማመልከቻ የሚበትን ሰው እዚያም ገብቶ ይበትናል ብለው ነው የሚያዩት።

ፍልስፍና ሲሉ አንድ ገጽ ነው የሚፈልጉት፤ ተማሪ እንዴት ይማራል ብላችሁ ታምናላችሁ፣ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ። የሊቃውንት ስም መደርደር አያስፈልግም። «ተማሪ ተኮር አቀራረብ እከተላለሁ» ካላችሁ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር በ50 ተማሪ ክፍል ውስጥ ያ እንዴት እንደሚሆን ይናገር። ካልተጠየቀ አይላክም።

ጠመኔ_ብናኝ

ካመለከቱ በኋላ መደወልስ?

ሰሌዳ_ጠራጊ

የማመልከቻው ቀን ሳያልቅ አይደወልም፤ ካለቀ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ አንድ አጭር ኢሜይል፣ መደቡንና የላካችሁበትን ቀን ጠቅሳችሁ። ማስታወቂያው «የተመረጡትን ብቻ እናነጋግራለን» ካለ እሱንም ተዉት።

ያንኑ ደብዳቤ ለብዙ ትምህርት ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት በወርድ ፍለጋ ውስጥ የቀድሞውን ትምህርት ቤት ስም አስገቡ። አድራሻው ላይ ተቀይሮ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የተረሳ ስም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የክፍል ደረጃውንም ፈልጉ፤ ለ5ኛ ክፍል በሚላክ ደብዳቤ ውስጥ «የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼን» የሚል ይቀራል።